የቆየ ያማሃ ዲቲ 125ን በትንሽ ገንዘብ ማደስ፦ ከፍተሻ እስከ መጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር

በግብርና ጣቢያ፣ በጤና ፕሮጀክትና በእርዳታ ድርጅት እጅ ገጠር ለገጠር ሲዞሩ የኖሩ ባለ ሁለት ምት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክሎች ዛሬም በየግቢው ጥግ ቆመው ይገኛሉ። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተራቸው ቀላል ነው። አንድ ሲሊንደር፣ 56 ሚሊሜትር ስፋት፣ 50 ሚሊሜትር የፒስተን ጉዞ፣ 123 ሲሲ። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ቫልቭ የለም፣ ካምሻፍት የለም። ደህና መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው በራሱ ግቢ ሊያድሰው ይችላል።

ይህን ሞተር ሲያድሱ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያከሽፈው የገንዘብ ማነስ ሳይሆን የወጪው ቅደም ተከተል መዛባት ነው። ቀለም ተቀብቶ፣ ወንበሩ ተሰፍቶ፣ አዲስ ፒስተን ገብቶለት ወር ሳይሞላው ፒስተኑ ከሲሊንደር ጋር ተጣብቆ የሚነክስ ሞተር ብዙ ነው። የፊተኛውን ፒስተን የበላው ምክንያት አልተፈለገምና አዲሱንም ይበላዋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ዘይት የማይሰጥ ፖምፓ፣ ወይም የተዘጋ ካርቡራተር። ስለዚህ ገንዘባችሁ መጀመሪያ ለእነዚህ፣ ቀጥሎ ለፍሬንና ለጎማ ይውጣ፤ ቀለም የመጨረሻው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሊብሬውን ያዙና ሻንሲው ላይ፣ መሪው በሚገባበት ቧንቧ አካባቢ የተመታውን ቁጥር፣ ከዚያም የሞተሩን ቁጥር አስተያዩ። ከድርጅት በጨረታ የወጣ ከሆነ ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑንና የጉምሩክ ጉዳዩ መዘጋቱን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ወረቀቱ ያልጠራ ሞተር ምንም ቢረክስ አይርከስላችሁ።

ቀጥሎ ያለውንና የጎደለውን ቁጠሩ። ካቴና፣ ኬብል፣ አምፖል፣ ኩሽኔታ፣ ጎማና ካላማዳሪ በቀላሉ ይገኛሉ። የማይገኙት ወይም ውድ የሚሆኑት ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክ ሳጥን)፣ ቮላኖ (በሞተሩ ግራ በኩል የሚዞረው ማግኔት ያለበት ከባድ ክብ ብረት)፣ የዘይት ፖምፓ፣ ካርቡራተርና የሞተር ሽፋኖች ናቸው። አስቀያሚ ሆኖ ሙሉ የሆነው፣ አምሮ ፖምፓው ከተነቀለው ይሻላል። የፊት ካቴና ጥርስ አካባቢ የሞተሩን ቤት በደንብ እዩ። ካቴና ተበጥሶ እዚያ ከተጠቀለለ አልሙኒየሙን ይሰነጥቀዋል፤ የአልሙኒየም ብየዳ ደግሞ በየመንደሩ አይገኝም።

መርገጫው አልንቀሳቀስ ካለ በኃይል አትርገጡት፤ የመርገጫው ጥርስ ይሰበራል። ካንዴላውን ፈትታችሁ ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅሉና ሩብ ሊትር ያህል ጨምሩ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ከዚያ ከፍተኛው ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ የኋላውን ጎማ ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያላችሁ አወዛውዙት። ብዙ ጊዜ ይለቃል።

መሣሪያ

የ8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ሚሊሜትር መፍቻ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል። ለመስቀል ብሎኖቹ ጫፉ ያልበላ፣ በመዶሻ ሲመታ የሚዞር ካቻቢቴ ያስፈልጋል። የሞተሩ ሽፋን ብሎኖች ለስላሳ ስለሆኑ በተራ ካቻቢቴ ጭንቅላታቸው ይላጫል። ቮላኖውን የሚያወጣ መሳቢያ ግዙ፣ ወይም የቮላኖውን ጥርስ አስለክታችሁ ቶርኖ ቤት አሠሩ። ቮላኖን በመዶሻ ማውጣት ማግኔቱን ይሰብራል፣ ኮሎውን (ፒስተኑ የሚያዞረውን የሞተሩን ዋና ዘንግ) ያጣምማል። ቀጫጭን የክፍተት መለኪያ ሉኮች ያስፈልጋሉ። በመጨረሻም አንድ የቆየ የደም ግፊት መለኪያ፣ መርፌ ያለው ዓይነት፣ ፈልጉ፤ የሥራው ቁልፍ እሱ ነው።

ከመፍታት በፊት፦ የአየር ፍሳሽ ምርመራ

ባለ ሁለት ምት ሞተር ከፒስተኑ በታች ያለው ክፍል ቤንዚንና አየር የሚጠባና የሚገፋ ፖምፓ ነው። አየር ከካርቡራተሩ ሌላ በየትኛውም ቀዳዳ ከገባ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። ይህን በጆሮ ማወቅ አይቻልም፤ በግፊት ግን ይታያል።

ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማፈኛውን፣ እና ካርቡራተሩን አውጡ። የጭስ መውጫውን ከካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማና በብረት ሳህን ድፈኑ። የካርቡራተሩን የጎማ ማያያዣ በልኩ በተቆረጠ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ዘግታችሁ በማጥበቂያ እሰሩ። ወደ ማያያዣው የሚገባውን ቀጭን የዘይት ቱቦ ነቅላችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ። ሸክላው ተሰብሮ የወጣለት ያረጀ ካንዴላ ወስዳችሁ የደም ግፊት መለኪያውን ቱቦ በማጣበቂያ ግጠሙበትና በካንዴላው ቦታ እሰሩት። ፒስተኑን እስከ ታች አውርዱት፤ መስኮቶቹ (በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት የጋዝ መተላለፊያ ቀዳዳዎች) ተከፍተው ላይና ታች ያለው ክፍል ይገናኛል።

አሁን መለኪያው 300 እስኪደርስ በእጅ ፖምፓው ንፉ። ይህ 0.4 ባር ያህል ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም ልክ ይኸው ነው። ከዚያ በላይ አትሂዱ፣ ጤነኛውን ፓራኦሊ (በኮሎው ጫፍ አየርና ዘይት የሚገታውን የጎማ ቀለበት) ገፍታችሁ ታወጣላችሁ። ጤናማ ሞተር ስድስት ደቂቃ ያህል ብዙም ሳይወርድ ይይዛል። በደቂቃ ከ50 በላይ የሚወርድ ከሆነ ፍሳሽ አለና የሳሙና ውኃ በብሩሽ እየቀባችሁ አረፋ ፈልጉ።

አረፋ የሚወጣባቸው ቦታዎች በተደጋጋሚነታቸው ቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ከቮላኖው ጀርባ ያለው የግራ ፓራኦሊ፣ የተሰነጠቀ የካርቡራተር ጎማ፣ የሲሊንደር ሥር ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የሞተሩ ሁለት ግማሾች የሚገናኙበት መስመር። የቀኙ ፓራኦሊ በፍሪሲዮን ሽፋን ውስጥ ስለተደበቀ አረፋው አይታይም። ለእሱ የካምቢዮውን መተንፈሻ ቱቦ ዝጉና የዘይት መሙያው አፍ ላይ የላስቲክ ጓንት አጥልቁ። ጓንቱ ከተነፋ ፓራኦሊው አልቋል።

ሁለቱ ፓራኦሊዎች ሲያረጁ ምልክታቸው የተለያየ ነው። ግራው ደረቅ አየር ያስገባል፤ ሞተሩ ነዳጅ ስትቀንሱለት እንኳ ዙሩ አልወርድ ይላል፣ ይግላል፣ ይነክሳል። ቀኙ የካምቢዮ ዘይት ይጠባል፤ ነጭ ወፍራም ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ውጭ ላይ አንድ ጠብታ ሳይታይ የካምቢዮው ዘይት ይጎድላል። ይህን ጭስ አይተው ፒስተን የሚቀይሩ ብዙ ናቸው፤ ገንዘባቸው ባክኖ ይቀራል።

የላይኛው ክፍል

ቴስታታውን ስታወጡ አራቱን ዳዶዎች በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየዞራችሁ ሩብ ሩብ ዙር አላሉ። ሲሊንደሩን ካነሣችሁ በኋላ ወዲያው የሞተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ሙሉ፤ እዚያ የገባች አንድ የፒን መያዣ ቀለበት ሞተሩን በሙሉ ታስፈታችኋለች።

ፒስተኑን እንደ ሰነድ አንብቡት። ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ሙቀትና የሳሳ ድብልቅ ነው፤ የአየር ፍሳሹን ወይም የካርቡራተሩን ጂግለር (ቤንዚኑን በቀዳዳው የሚለካውን ትንሽ ብሎን) ጠርጥሩ። በአራት ማዕዘን እኩል የተነከሰ ከሆነ ክፍተቱ ጠቦ ነበር፣ ወይም ሞተሩ ሳይሞቅ በኃይል ተነድቷል። በመግቢያው በኩልም ዙሪያውን የተላጨ ከሆነ ዘይት አልደረሰውም። ጭንቅላቱ የቀለጠ ወይም የተበሳ ከሆነ የእሳት ሰዓቱ ቀድሟል፣ ወይም የካንዴላው ዓይነት ተሳስቷል።

ሲሊንደሩ በጥፍር የሚሰማ ጭረት ከሌለው ሁልጊዜ ማስፋት አያስፈልግም። አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገቡ፣ በፒስተኑ ጭንቅላት 20 ሚሊሜትር ያህል ወደ ታች ግፉና የጫፎቹን ክፍተት በሉኩ ለኩ። ከ0.15 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። በሲሊንደሩና በፒስተኑ መካከል ያለው ክፍተት 0.10 ሚሊሜትር ካላለፈ አዲስ ፋሻና ቀላል የግድግዳ ማሻከር ይበቃል፤ ወጪውም በእጅጉ ይቀንሳል። ይህን ክፍተት ግን በተራ ካሊፐር አትለኩት፣ መቶኛ ሚሊሜትርን አይለይም። ሬቲፊካ ቤት (ሲሊንደር የሚያሰፋ ወርክሾፕ) በማይክሮሜትር አስለኩ።

መስፋት ካለበት መጀመሪያ ፒስተኑን ግዙ። ትርፍ ልኮቹ በ0.25 ሚሊሜትር ያድጋሉ፤ ገበያ ላይ የምታገኙት የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ሲሊንደር አታስፉ። ፒስተኑን ይዛችሁ ሂዱና ክፍተቱን ከ0.04 እስከ 0.05 ሚሊሜትር እንዲያደርጉ ንገሯቸው። ሌላም አንድ ነገር አደራ በሏቸው። ሬቲፊካ ቤቶች የለመዱት የመኪና ሲሊንደር ነው፤ መስኮት የለውም። የዚህ ሲሊንደር መስኮቶች ከተሰፉ በኋላ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ይሆናል፣ ፋሻውን ይይዝና ይሰብራል። ጠርዞቹ ሁሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ተሞርደው መለዘብ አለባቸው። እነሱ ካልሠሩላችሁ በትንሽ ክብ ሞረድና በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ራሳችሁ ሥሩት። ከዚያ ሲሊንደሩን በሞቀ የሳሙና ውኃ፣ ነጭ ጨርቅ ሲጠርጉት ጥቁር እስከማይዝ ድረስ እጠቡና ወዲያው ዘይት ቀቡት። በቤንዚን ብቻ ከታጠበ የድንጋዩ ዱቄት ግድግዳው ላይ ይቀርና አዲሱን ፋሻ ይፈጨዋል።

ሲገጠም በፒስተኑ ጭንቅላት ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ይመልከት። የፋሻው ጫፎች በቦዩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ፒን ግራና ቀኝ ይረፉ። የፒን መያዣ ቀለበቶች ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። የቴስታታ ዳዶዎችን በመስቀል ቅደም ተከተል በሦስት ዙር እሰሩ፤ ለ8 ሚሊሜትር ብሎን 22 ኒውተን ሜትር አካባቢ በቂ ነው።

ኮሎውን መክፈት ወይስ መተው?

ሲሊንደሩ ወጥቶ ሳለ ቢዬላውን (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡት። ምንም ዓይነት መላወስ ካለ የታችኛው ኩሽኔታ አልቋል። ወደ ጎን መንሸራተቱ ግን ጤናማ ነው። የላይኛው ጫፍ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ከ0.8 እስከ 1.0 ሚሊሜትር የአዲስ ልክ ነው፤ 2 ሚሊሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት። ቮላኖውን ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወይም ሲዞር የሚያጉረመርም ከሆነ ዋናዎቹ ኩሽኔታዎች አልቀዋል።

ሁሉም ጤናማ ከሆነ አትክፈቱ። የግራውን ፓራኦሊ ቮላኖው ከወጣ በኋላ ከውጭ መቀየር ይቻላል። በጎማው ላይ ትንሽ ብሎን በጥንቃቄ ጠምዝዛችሁ በፒንሳ ሳቡት፤ ብሎኑ ከጎማው አልፎ ኮሎውን ወይም ኩሽኔታውን እንዳይነካ። የቀኙ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፦ ከፍሪሲዮኑ በኩል ጠርዙ ሙሉ በሙሉ ከታየ ይወጣል፤ ከውስጥ የሚይዘው ደረት ካለ መክፈት ግድ ነው። የፓራኦሊው ልክ በራሱ ፊት ላይ በሦስት ቁጥር ተጽፏል፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። በዚያ ልክ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ይገኛል፤ ሙቀትና ቤንዚን የሚችለውን፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ የሆነውን ዓይነት ጠይቁ።

መክፈት ካለባችሁ ሁለቱን ግማሾች በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አትለያዩ፤ የተጫረ ፊት አየር ያስገባል። በመሳቢያ ወይም በእንጨት መዶሻ፣ እኩል እኩል ይለቀቁ። ኩሽኔታ ሲወጣና ሲገባ የአልሙኒየሙን ቤት 100 ዲግሪ አካባቢ አሙቁ፤ ጠብታ ውኃ ሲነካው ቸስ ካለ ደርሷል። አዲሱን ኩሽኔታ አንድ ሌሊት በማቀዝቀዣ አሳድሩት፣ በራሱ ክብደት ሊገባ ይችላል። ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ አንብቡና ከቁጥሩ በኋላ ሲ3 የሚል ምልክት መኖሩን እዩ። ይህ ምልክት ኩሽኔታው ሲግል ለመስፋት የሚበቃ የውስጥ ክፍተት እንዳለው ይናገራል፤ ያለዚያ ሲሞቅ ይጠብቅና ይቃጠላል። ርካሽ የውሸት ኩሽኔታ ለጎማ ይሁን ብለው ሊያልፉት ይችሉ ይሆናል፣ ለኮሎ ግን በፍጹም። የቢዬላ ቅያሬ በፕሬስ የሚሠራ ነው፤ ሬቲፊካ ቤቱ ከገጠመ በኋላ የኮሎው ጫፎች ጥመት ከ0.03 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ አስለኩ።

ሁለቱን ግማሾች ስትዘጉ ቤንዚን የሚችል ማጣበቂያ በስሱ ተጠቀሙ። ተራ ሲሊከን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይቆረሳል፤ ቁራሹም ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያውን ምርመራ ድገሙት። ሞተሩን ሻንሲው ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ይሁን።

ምላስ፣ ካርቡራተርና የከፍታው ጉዳይ

በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ቀጫጭን ምላሶች ያሉት መግቢያ አለ። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። ምላሱ ከመቀመጫው ሩብ ሚሊሜትር በላይ ከተነሣ ሞተሩ በብርድ አይነሣም፣ በዝግታም ይንተባተባል። ጫፉ የተሸረፈ ከሆነ ወዲያው ቀይሩ፤ የተሸረፈው ቁራጭ ወደ ፒስተኑ ይሄዳል።

ሚኩኒው ካርቡራተር ለረጅም ጊዜ ሲቆም ቤንዚኑ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ጂግለሮቹን፣ ቁጥር የተጻፈባቸውን ትንንሽ የናስ ብሎኖች፣ አውጡ። ቀዳዳቸውን በብረት ሽቦ አትውጉ፤ ይሰፋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣች አንድ የመዳብ ክርና የተጨመቀ አየር ይበቃል። ትንሿን የዝግታ ጂግለር በብርሃን አሳልፋችሁ ክብ ቀዳዳ ካላያችሁ ገና አልጸዳችም። የአየር ማስተካከያ ብሎኑን እስኪነካ ድረስ ብቻ ዝጉና አንድ ዙር ተኩል መልሱት። በዚህ ካርቡራተር ብሎኑ አየር ነው የሚቆጣጠረው፤ ወደ ውስጥ ሲዞር ቤንዚን ይበዛል፣ ወደ ውጭ ሲዞር ይሳሳል።

ከፍታ የሚረሳ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ጠለል የተለካ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ለምሳሌ 140 ቁጥር ያለው ዋና ጂግለር ለአዲስ አበባ 125 አካባቢ ይሆናል። ይህን የምታደርጉት ግን ሞተሩ ደጋ ላይ የሚኖር ከሆነ ብቻ ነው። በዚያው ጂግለር ወደ መተሐራ፣ አዋሽ ወይም አፋር ከወረዳችሁ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀት ይጨመራል፣ ድብልቁ ይሳሳል፤ ረጅም ሜዳ ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትነዱ ይነክሳል። ትልቁን ጂግለር ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ቆላና ደጋ የምትመላለሱ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ይቆይ፤ ጭስ ከንክሻ ይሻላል።

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በዕድሜ ይፈርሳል፣ ፍርፋሪውም ይጠባል። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ መተካት የተለመደ ስህተት ነው። ልትጠቀሙበት ያሰባችሁትን ስፖንጅ ቁራጭ አንድ ሌሊት ቤንዚን ውስጥ አሳድሩት፤ ከላላ ወይም ከተቆረሰ አይሆንም። አፋችሁን አስጠግታችሁ ስትነፉም በቀላሉ አየር ማሳለፍ አለበት። ዘይት ነክራችሁ፣ አጥብቃችሁ ጨምቃችሁ ግጠሙት።

የዘይት ፖምፓ

ብዙዎች ፖምፓውን ነቅለው ዘይትና ቤንዚን ቀላቅለው ይነዳሉ። ፖምፓው የሚሠራ ከሆነ አትንቀሉት። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠቀመበት ይህ አሠራር ዘይቱን በሞተሩ ዙርና በሰጣችሁት ነዳጅ መጠን ይለካል። ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ የዘይት ታንኩ ይታጠብ፣ ወደ ፖምፓው የሚወስደው ቱቦና ማጣሪያው ይጽዳ። ሁለተኛ፣ አየሩ ይውጣ፦ ታንኩን ሙሉ፣ በፖምፓው ላይ ያለችውን ትንሽ የመተንፈሻ ብሎን አላሉ፣ አረፋ የሌለበት ዘይት እስኪወጣ ጠብቁ፣ ከነቀለበቷ መልሳችሁ እሰሩ። ሦስተኛ፣ የኬብሉ ምልክት ይስተካከል፤ በፖምፓው ክብ ላይ የተመታው ምልክት እንደ ሞዴሉ በተወሰነ የነዳጅ አሰጣጥ ላይ ከፒኗ ጋር መገጣጠም አለበት። የነዳጅ ኬብል ከቀየራችሁ ይህን ዳግም እዩ።

ፖምፓው መሥራቱን እስክታምኑ ድረስ የመጀመሪያውን ታንክ በሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅሉበት፤ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ነው። ፖምፓው ከሌለ በሊትር ከ30 ሚሊ ሊትር አይነስ። ዘይቱ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ፣ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል ደረጃ ያለው ይሁን። የመኪና ሞተር ዘይት ቀላቅሎ መንዳት ፒስተኑንና ማርሚታውን በከሰል ይሞላል።

እሳት

ካንዴላውን አውጥታችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና መርገጫውን ምቱ። ሰማያዊ፣ ጠንካራ እሳት ካለ እለፉ። ከሌለ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቁር ነጭ መስመር ያለበትን ሽቦ ከሲዲአዩ በኩል ንቀሉና ድገሙ፤ በያማሃ ይህ ሽቦ ሞተሩን የሚያጠፋው ነው፣ በቁልፉ ወይም በማጥፊያው ውስጥ ከብረት ጋር ተነካክቶ እሳቱን ይገድላል። ሽቦው ሲነቀል እሳት ከመጣ ችግሩ የቁልፉ ነው። በሲዲአይ ላይ ገንዘብ ያባከኑ ብዙዎች ይህችን አንድ ሽቦ አልሞከሯትም።

የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ሲዲአይ ሳይሆን ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሣ መነካኪያ) አላቸው። ክፍተቱ ከ0.30 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ነው። ፊቱን በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አጽዱና በነጭ ወረቀት ጥረጉት። ፑንቲናው ላይ ቢጫ ብልጭታ የሚበዛ ከሆነ ኮንደንሰሩን ቀይሩ። የቮላኖውን ውስጠኛ ሳህን ከመፍታታችሁ በፊት ቦታውን በስለት ጫፍ ምልክት አድርጉ፤ የእሳት ሰዓቱ የሚስተካከለው እሱን በማዞር ነውና። የካንዴላ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሁን። በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ይበልጥ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ጥርሱ ከመጀመሪያው የረዘመ ካንዴላ ግን ፒስተኑን ይመታል።

ባለ 6 ቮልቱ ሞዴል ያለ ባትሪ ሊነሣ ይችላል፣ አምፖሎቹን ግን ያቃጥላል። ርካሽ ባትሪም ቢሆን ይኑርበት።

ሰልባትዮና ማርሚታ

ለሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ዝገት በሊትር የሞቀ ውኃ 100 ግራም የሲትሪክ አሲድ በጥብጣችሁ አፉ ድረስ ሙሉና አንድ ቀን ተዉት። አቼቶም ይሠራል፣ ግን ብዙ ቀን ይፈልጋል። የነዳጅ መዝጊያውን አስቀድማችሁ አውጡ። ወፍራም ዝገት ካለ አንድ እፍኝ ዳዶ ጨምራችሁ ናጡት፤ ስትጨርሱ የገባውን ቆጥራችሁ አውጡ። አሲዱን ደፍታችሁ በሊትር ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውኃ እጠቡ፣ በፀሐይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አድርቁ፣ ሳይውል ሳያድር 50 ሚሊ ሊትር የሞተር ዘይት አዙሩበት። አለበለዚያ በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። የተበሳ ሰልባትዮ በእሳት አታስበይዱ፤ ባዶ ቢመስልም የቤንዚን ትነት ስላለበት ይፈነዳል። ትንሽ ቀዳዳ ቤንዚን በሚችል ኤፖክሲ ይዘጋል።

የማርሚታው መውጫ ውስጥ ያለው ቧንቧ በአንድ ብሎን የተያዘ ነው፤ ይወጣል። በከሰል ከተዘጋ ሞተሩ አዲስ ቢሆንም ኃይል አይኖረውም። ቧንቧውን ክፍት ቦታ ላይ በፍም ውስጥ አግላችሁ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። የማርሚታውን ሆድ በኮስቲክ ሶዳ ውኃ ማጠብ ይቻላል፣ በጓንትና በመነጽር። ይህ ውኃ አልሙኒየም እንዳይነካ፤ ይበላዋል።

ፍሬንና ጎማ

የፍሬን ሸራው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ከደረሰ ይቀየር። ጫማውን ይዛችሁ ብትሄዱ አዲስ ሸራ የሚለጥፉ ቤቶች አሉ፤ ዋጋው ከሙሉ ዕቃው ይቀንሳል። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር አትንፉት፣ በውኃ አርጥባችሁ ጥረጉት። ካቴናው 428 ነው፤ በገበያው ካሉ ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ጋር ይጋራል። ካቴና ስትቀይሩ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ አብራችሁ ቀይሩ። የፊት ጎማው በአብዛኛው 2.75-21 ነው፤ የኋላው የሚገባበት ቸርኬ 18 ኢንች ነው። የተሰነጠቀ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ጣሉት። የካምቢዮውን ዘይት ለፍሪሲዮን በሚስማማ፣ ጃሶ ኤምኤ በሚል 10ደብሊው-40 ዘይት ተኩ፤ የመኪናው ዓይነት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል።

የመጀመሪያው አነሣስና 500 ኪሎ ሜትር

አስነሡትና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይግል፣ ሦስት አራት ደቂቃ ከሠራ በኋላ አጥፉት። እጅ እስኪያስችል ሳይሆን ፈጽሞ እስኪበርድ ጠብቁ። ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙ፣ ከዚያ በቀዝቃዛው የቴስታታ ዳዶዎችን እንደገና እሰሩ። መጀመሪያ ላይ መጠነኛ ጭስ ይኖራል፤ የቀባችሁት ዘይት ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ከቀጠለ ወደ ቀኙ ፓራኦሊ ተመለሱ።

እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ከግማሽ ነዳጅ አትለፉ፤ በአንድ ዙርም ለረጅም ጊዜ አትንዱ፣ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ሰው አትጫኑበት። ቁልቁለት ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነዳጅ ዘግታችሁ በማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ ይሽከረከራል፣ የሚያቀዘቅዘው ድብልቅ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ዘይት በቤንዚን ውስጥ ለሚቀላቅል ሰው ደግሞ ዘይቱም አብሮ ይቀራል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ዓይነት መንገድ ስትወርዱ በየግማሽ ደቂቃው ነዳጅ ሰጥ አድርጉለት፣ እጃችሁም ከፍሪሲዮኑ አይራቅ። ድምፁ ከተለወጠ ወይም ኃይሉ በድንገት ከወደቀ ወዲያው ፍሪሲዮን ያዙ፤ በጊዜው የተያዘ ንክሻ አንዳንዴ በፋሻ ብቻ ያልፋል።

ጥሩ መንገድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ እኩል ነድታችሁ ሞተሩን በጉዞ ላይ አጥፉና ፍሪሲዮን ይዛችሁ ቁሙ፤ ካንዴላውን እዩ። የቡና ወተት የመሰለ ቡናማ ትክክል ነው። ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ መርፌውን በአንድ ቦይ አውርዱ ወይም ጂግለሩን አንድ ቁጥር ቀንሱ። ነጭ ከሆነ አቁሙ፤ ወደ ፊት ሳትነዱ የአየር ፍሳሹን እንደገና መርምሩ። በ500 ኪሎ ሜትር የካምቢዮውን ዘይት ቀይሩ፣ የሞተሩን መስቀያ ብሎኖች ሁሉ አጥብቁ፣ ካቴናውን አስተካክሉ፣ የዘይት ታንኩ ምን ያህል እንደጎደለ ለኩና ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ የሚጎድለው መጠን ድንገት ከቀነሰ ፖምፓው መድከም ጀምሯል ማለት ነው።